ሲግናሉ በየት በኩል ነው የሚመለሰው?

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የማወራው ስለ አንድ ችግር ነው። ራስበሪ ፓይም ሆነ ሌላ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ይዞ ያመሸ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፕሮጀክቱ ትናንት በደንብ ይሠራ ነበር። ዛሬ እንቢ አለ። ኬብሉን ነካ ስታደርጉት ይመለሳል። እጃችሁን ስታነሱ ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ይታያል። ዲስኩ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይሰወራል። እዚህ ላይ ስንደርስ አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነው። የሜሞሪ ካርዱን ፎርማት አድርገን ሲስተሙን እንደ አዲስ እንጭናለን። ሲደክመን ደግሞ ቦርዱ ተቃጥሏል እንላለን።

ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ ደህና ነው። ቦርዱም አልተቃጠለም። ጥፋቱ ያለው መሀል ላይ ባለችው አሥር ወይም ሃያ ሳንቲሜትር ሽቦ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትወጡ እፈልጋለሁ። ይህ ሲግናል በየት በኩል ነው የሚመለሰው?

«የሚመለሰው» ያልኩት የከረንት፣ ማለትም በሽቦው የሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ ጉዞ ሁልጊዜ ደርሶ መልስ ስለሆነ ነው። በሲግናል ሽቦው ይሄዳል፣ በግራውንድ፣ ማለትም በጋራው የ0 ቮልት መስመር፣ ይመለሳል። መሄጃውን ሁላችንም ተጠንቅቀን እንሰካለን። መመለሻውን ግን «ግራውንድ ያው ግራውንድ ነው» ብለን ባገኘነው ፒን ላይ እንሰካዋለን። መብራት ለማብራት ከሆነ ችግር የለውም። ፍጥነት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። መመለሻው ከመሄጃው ከራቀ በሁለቱ መካከል ሰፊ ቀለበት ይፈጠራል። ያ ቀለበት አንቴና ነው። የራሱን ጫጫታ ወደ ውጭ ይለቃል። የሌላውን ጫጫታም ወደ ውስጥ ያስገባል።

በሚታወቅ ታሪክ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 አጋማሽ ራስበሪ ፓይ 4 ወጣ። ሁለት የስክሪን መውጫ አለው፣ 4ኬ ያሳያል፣ ሁሉም ወደደው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ተጠቃሚዎች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋሉ። ስክሪኑን 2560 በ1440 ላይ ሲያደርጉት ዋይፋዩ ይጠፋል። ወደ 1920 በ1080 ሲመልሱት ዋይፋዩም ይመለሳል። ስክሪንና ዋይፋይ ምን አገናኛቸው? ይህ ቢደርስባችሁ የዋይፋዩን ሶፍትዌር ነበር የምትጠረጥሩት። እኔም ብሆን።

እስቲ አብረን እናስላው። በዚህ ጥራት ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ በመስመሮቹ መካከል የሚያልፈው ባዶ ጊዜም ሲጨመር፣ ቦርዱ በሰከንድ 241.5 ሚሊዮን ፒክስል ይልካል። የስክሪኑ ኬብል፣ ኤችዲኤምአይ፣ ሦስት የዳታ ሽቦ ጥንዶች አሉት። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ አንድ ፒክስል 10 ቢት ሆኖ ነው የሚሄደው። በ10 አባዙት። በሰከንድ 2.415 ቢሊዮን ቢት ይመጣል። አሁን ደግሞ ወደ ራውተሩ እንሂድ። የዋይፋይ ቻናል 1 መሀሉ 2.412 ጊጋኸርዝ ነው። ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። የስክሪኑ ቁጥር ቀጥ ብሎ እዚያ መሀል ወደቀ። በ1920 በ1080 ግን ቁጥሩ 1.485 ቢሊዮን ነው። ከዋይፋዩ ሰፈር በጣም ይርቃል።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ኬብሉ ሺልድ፣ ማለትም ሽቦዎቹን ዙሪያውን የሚሸፍን ብረት፣ አለው፤ ጫጫታው ውስጡ መቅረት ነበረበት። ዋናው ጥያቄያችን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሺልዱ ከቦርዱ ጋር ዙሪያውን በደንብ ከተገናኘ መመለሻው ከረንት በውስጥ በኩል ይሄዳል። ግንኙነቱ ትንሽ ክፍተት ካለው ግን ጥቂቱ ከረንት በሺልዱ የውጭ ገጽ በኩል ይመለሳል። ያኔ ኬብሉ በሙሉ አንቴና ሆነ ማለት ነው። የቦርዱ የዋይፋይ አንቴና ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ቦርዱ ራሱ 85 በ56 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከሌላ ክፍል የሚመጣው የዋይፋይ ሲግናል ቦርዱ ጋ ሲደርስ የአንድ ዋት ቢሊዮንኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ይህም ጥሩ ከሚባለው ነው። አጠገቡ የሚጮኸው ኬብል በቀላሉ ያፍነዋል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ራውተሩን ወደ ቻናል 11 ውሰዱት። ወይም 5 ጊጋኸርዝ ተጠቀሙ። ወይም የስክሪኑን ጥራት ለውጡ። ይህን ታሪክ የምወደው ግን ለሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ አንድ ነገር ብቻ ለወጡ፣ ሌላ ነገር ሲለወጥ አዩ፣ ቁጥሩን አሰሉ። አሥር ነገር በአንዴ ቢነካኩ ኖሮ ዋይፋዩ ይመለስላቸው ይሆናል፣ ምክንያቱ ግን አይገኝም።

የዩኤስቢ 3ም ነገር ዘመዱ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ዩኤስቢ 3 ዲስክ ሲሰካ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ጫጫታ 20 ዴሲቤል ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህ በኃይል ሲለካ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ የገመድ አልባ ማውስ ወይም የዚግቢ (የቤት ውስጥ መሣሪያዎች ገመድ አልባ ግንኙነት) መቀበያችሁ እንቢ ካለ ከሰማያዊው ዩኤስቢ ንቀሉት። በአንድ ሜትር ማራዘሚያ ጥቁሩ ዩኤስቢ ላይ ሰኩት። ብዙውን ጊዜ በቃ፣ ያልቃል።

አሁን ወደ ራሴ ጠረጴዛ ልውሰዳችሁ። ይህችን ትንሽ ስክሪን ታያላችሁ? በኤስፒአይ ነው የምትሠራው፤ ዳታው በክሎክ ምት እየተቆጠረ ቢት በቢት የሚላክበት መስመር ነው። መጀመሪያ ስገጥማት በ32 ሜጋኸርዝ ሳስነዳት ምስሉ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ይዘንብ ነበር። የስክሪኗን ሾፌር ሶፍትዌር ሦስት ጊዜ ጫንኩ። ካርድ ቀየርኩ። ሁለት ሌሊት አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሽቦዎቹን በጣቴ እየተከተልኩ አየኋቸው። ክሎኩ፣ ማለትም ምቱን የሚልከው መስመር፣ ፒን 23 ላይ ነው። ግራውንዱን የሰካሁት ፒን 39 ላይ ነበር፣ ከሌላው ጫፍ። እሱም ረዥም ሽቦ ነው፤ ጠረጴዛውን ዞሮ ነው ስክሪኑ ጋ የሚደርሰው። በመሀላቸው መዳፍ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ነበር።

የፓይን 40 ፒኖች ቁጠሩ። ስምንቱ ግራውንድ ናቸው፦ 6፣ 9፣ 14፣ 20፣ 25፣ 30፣ 34 እና 39። አቀማመጣቸው እንዲሁ የተበተነ ይመስላል። ግን ልብ በሉ። ፒን 25 ከክሎኩ ከ23 ቀጥሎ በዚያው ረድፍ ላይ ነው ያለው። ፒን 20 ደግሞ ዳታ ከሚወጣበት ከ19 ፊት ለፊት ነው። መመለሻው እዚያው አጠገቡ ቀርቦላችኋል። እኔ ግራውንዱን ወደ 25 አመጣሁት። ከክሎኩ ሽቦ ጋር እንደ ሹሩባ ጠመዘዝኳቸው። ነጥቡ ጠፋ። ሌላ ምንም አልነካሁም።

አንዳንድ ሰው «ፍጥነቱን ብቀንሰውስ?» ይላል። አንዳንዴ ይረዳል። ዳታው እስኪረጋጋ ጊዜ ይሰጠዋል። ክሎኩ ላይ ግን ላይረዳ ይችላል፤ ምክንያቱ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ችግር የሚፈጥረው ክሎኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ መምታቱ ብቻ አይደለም። ከ0 ወደ 3.3 ቮልት ሲዘል ምን ያህል ቶሎ ይዘላል የሚለው ነው። ዝላዩ አንድ ወይም ሁለት ናኖሰከንድ ከፈጀ፣ በ1 ሜጋኸርዝም በ30 ሜጋኸርዝም ያው ዝላይ ነው። በሽቦ ላይ ሲግናል በአንድ ናኖሰከንድ ሃያ ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ጃምፐራችሁ፣ ማለትም ማገናኛ ሽቦው፣ ሃያ ሳንቲሜትር ከሆነ ሲግናሉ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። ዝላዩ ገና ሳያልቅ ወይም እንዳለቀ የመጀመሪያው ማሚቶ ይመለሳል ማለት ነው።

ማሚቶ ያልኩት በምክንያት ነው። ገደል ፊት ቆማችሁ ብትጮሁ ድምፃችሁ ይመለሳል። ሲግናልም ሽቦው መጨረሻ ላይ ሲደርስ የሚቀበለው ቺፕ ሙሉ በሙሉ አይውጠውም፤ ይመልሰዋል። ወደ ፓይ ተመልሶ እንደገና ይላተማል። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ክሎኩ ላይ ይህ ከተፈጠረ ስክሪኑ አንዱን ምት ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ቢት ሁሉ አንድ ቦታ ይዛነፋል። ክሎኩን ወደ 1 ሜጋኸርዝ ብታወርዱትም አንዱ ምት ሁለት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

መድኃኒቱ አንዲት ሪዚስተር፣ ከረንትን የምትገታ ትንሽ ዕቃ፣ ናት። 33 ኦም። ክሎኩ ከሚወጣበት አጠገብ፣ ማለትም ፓይ በኩል፣ በተከታታይ አስገቧት። ስክሪኑ በኩል ካስገባችኋት ያን ያህል አትረዳችሁም። ማሚቶው ተመልሶ ሲመጣ የሚውጠው ነገር መነሻው ላይ ነው የሚፈለገው። ለየብቻው ለተሰካ ጃምፐር ካልበቃች እስከ 100 ኦም ሞክሩ። እስከ ፓይ 4 ባሉት ቦርዶች ደግሞ የፒኑን ጉልበት በሶፍትዌር መቀነስ ይቻላል። ከ2 እስከ 16 ሚሊአምፒር ይስተካከላል፣ ሲነሳ 8 ላይ ነው። ወደ 4 አውርዱትና እዩት። ብረት ሳትነኩ ችግሩ ከቀነሰ የማሚቶ ነገር መሆኑን አወቃችሁ።

ስለ ኦሲሎስኮፕ፣ ሲግናልን በስክሪን ስሎ ስለሚያሳየው መለኪያ፣ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ሳላውቅ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ። የፕሮቡ፣ ማለትም የመለኪያ መንኪያው፣ ግራውንድ ሽቦ፣ ያ ጫፉ ላይ አዞ የሚባለው መቆንጠጫ ያለው፣ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ነው። እሱም መመለሻ መንገድ ነው፤ እዚህም ቀለበት አለ። አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ሽቦ 150 ናኖሄንሪ ያህል ነው። ፕሮቡ ጫፉ ላይ 10 ፒኮፋራድ ያህል አለው። ሁለቱ ሲገናኙ 130 ሜጋኸርዝ አካባቢ ራሳቸው ይርገበገባሉ። እናንተ ስክሪኑ ላይ ሲወዛወዝ የምታዩት ነገር የሰርኪታችሁ ላይሆን ይችላል፤ የፕሮቡ ሊሆን ይችላል።

ማወቂያው ቀላል ነው። የፕሮቡን ጫፍ ከራሱ አዞ ጋር አንድ የግራውንድ ነጥብ ላይ አድርጉት። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ምንም መታየት የለበትም፣ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ። አሁንም የሚወዛወዝ ነገር ካያችሁ መለኪያው ነው የሚዋሸው። አዞውን አውጡና ከፕሮቡ ጋር በከረጢት የመጣችውን ትንሽ ስፕሪንግ ግጠሙ። ካጣችሁ አጭር ሽቦ ራሳችሁ ጠምዝዛችሁ ሥሩት። ብዙ ሰው ያችን ስፕሪንግ ምን እንደምትሠራ ሳያውቅ ይጥላታል። እባካችሁ አትጣሏት።

አቅሙንም እወቁ። 100 ሜጋኸርዝ የሆነ ኦሲሎስኮፕ በተሻለ ቢያሳይ 3.5 ናኖሰከንድ ዝላይ ነው። አንድ ናኖሰከንድ የሆነውንም እንደዚያ አድርጎ ያሳያችኋል። ስለዚህ «በኦሲሎስኮፕ አይቼዋለሁ፣ ዝላዩ የተረጋጋ ነው» ሲባል መለኪያው ስንት ሜጋኸርዝ እንደሆነ ጠይቁ።

እንግዲህ ወደ ፈጣኑ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ራስበሪ ፓይ 5 ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባል ፈጣን የዳታ መስመር አለው። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ዲስክ በቀጭን ጠፍጣፋ ኬብል ይገጠምበታል። የተፈተነው ለ2ኛው ትውልድ ነው፣ በሰከንድ 5 ቢሊዮን ቢት። ኮንፊግ ቴክስት በሚባለው የፓይ ማስተካከያ ፋይል ላይ አንድ መስመር በመጨመር ወደ 3ኛው ትውልድ፣ ወደ 8 ቢሊዮን ቢት ይወጣል። ብዙዎቻችሁ እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። ይህ ግን ቦርዱ ያልተረጋገጠለት ፍጥነት ነው።

ፍጥነቱን በዓይናችሁ እንድታዩት ልሞክር። በ8 ቢሊዮን አንድ ቢት 125 ፒኮሰከንድ ብቻ ነው የሚቆየው። ቦርድ ላይ ሲግናል በአንድ ናኖሰከንድ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቢት አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር ያህል ቦታ ይዞ ነው የሚጓዘው። ከአውራ ጣታችሁ ስፋት ብዙም አይበልጥም። በዚህች ጠፍጣፋ ኬብል ላይ በማንኛዋም ቅጽበት ሁለት ወይም ሦስት ቢት ተከታትለው ይጓዛሉ። ኬብሏ አንድ ቦታ ላይ ከታጠፈች ያ መታጠፊያ ለእነሱ ገደል ነው።

ኬብሏን ስታዩ በጥንዶቹ መካከል ግራውንድ አለ። መመለሻው በእያንዳንዱ ጥንድ ጎን እንዲሄድ ሆን ተብሎ ነው። ኬብሏ ትንሽ ጠመም ብላ ከገባች ወይም የማሠሪያዋ ጆሮ አንድ ወገን ካልተዘጋ ግራውንዶቹ በከፊል ይነካሉ። ዲስኩ ይገኛል፤ ይሠራል። ግን በውስጡ ይታመማል።

የሚታመመውን የምታዩት ዲሜሴጅ የሚባለውን ትእዛዝ ስትጽፉ ነው። «ፒሲአይኢ ባስ ኤረር» የሚል መስመር ይመጣል፣ አጠገቡ «ኮሬክትድ»። ብዙ ሰው «ኮሬክትድ» የሚለውን አይቶ ይረጋጋል፤ ተስተካክሏል ተብሏል እኮ። ትርጉሙ ግን ይህ ነው። ዳታው ተበላሽቶ ደረሰ፣ ተመልሶ ተጠየቀ፣ እንደገና ተላከ። በቀን አንዴ ከሆነ እለፉት። በደቂቃ መቶ ከሆነ የሲግናሉ መንገድ ታሟል ማለት ነው። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ዲስኩ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል።

የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ፓይውን አጥፍቼ ኬብሏን ከሁለቱም ጫፍ አወጣለሁ። ጫፎቿን በብርሃን አያለሁ። ቀጥ አድርጌ እመልሳለሁ፣ ጆሮዎቹን በሁለት ጣት እኩል እዘጋለሁ። በዚህ ብቻ የሚድነው ብዙ ነው። ካልዳነ ፍጥነቱን ወደ 2ኛው ትውልድ እመልሳለሁ። ስህተቱ ከጠፋ ጥፋቱ ከዲስኩ ይልቅ የሲግናል መንገዱ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አጭር ኬብል እፈልጋለሁ። ኬብሏን ለማሳመር ብላችሁ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ አትጠፏት። ቅርጿን ነው የምታበላሹት።

የኃይል ነገር ሰፊ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም። ግን ማንኛውንም ምርመራ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን እዩ። ፓይ ቮልቴጁ ከ4.63 ሲወርድ ይመዘግባል። ቪሲጄንኮማንድ በሚባለው የፓይ ትእዛዝ ላይ «ጌት ስሮትልድ» በሉት። መልሱ 0 ካልሆነ ስለ ሲግናል ለመናገር ጊዜው አይደለም። የቻርጀሩን ኬብል ቀይሩ፤ ቀጭን የስልክ ኬብል መሀል ላይ ቮልቱን ይበላዋል። ኔትወርክም እንዲሁ ነው። ጊጋቢት መሆን ያለበት መስመር 100 ላይ ከቀረ ከአራቱ ጥንዶች አንዱ ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ 100 በሁለት ጥንድ ይሠራል፣ ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ኬብል ቀይሮ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ጥያቄዎቻችሁን ልውሰድ።

አንዷ እህታችን የጠየቀችው ብዙዎቻችሁን የሚመለከት ነው። «እኔ ኦሲሎስኮፕ የለኝም፣ ለመግዛትም አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ለፒሲአይ ኤክስፕረስ እኔም ቤት ያለው ኦሲሎስኮፕ አይረዳኝም። 8 ቢሊዮን ቢት ለማየት የሚያስችለው መሣሪያ የመኪና ዋጋ ነው። ቦርዱ ራሱ ግን ይቆጥርልሻል። ስህተቱን የሚቆጥር ቁጥር ዲስኩም፣ ኔትወርኩም፣ ካርዱም አላቸው። ካርዱ ላይ ኤረር ሲቀነስ 84 ካየሽ ዳታው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ደርሷል ማለት ነው። አንድ ደብተር ያዢ። ዲስኩን አንድ ሰዓት ሙሉ አንብቢው፣ የስህተቱን ቁጥር ጻፊ። አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ኬብሏን አውጥተሽ መልሺ፣ ሌላ ምንም አትንኪ። እንደገና አንድ ሰዓት። እንደገና ጻፊ። ከዚያ ቻርጀሩን ለውጪ፣ እንደገና አንድ ሰዓት። ማታ ላይ ደብተርሽ ላይ ሦስት ቁጥር ይኖርሻል፤ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ይለይ ይሆናል። እሱን ይዘሽ ነይና አብረን እንየው። የሚቀጥለው ቅዳሜም እዚሁ ነኝ።